አልጋ አሥራ አንድ

«ሳሉ የከተማ ነው የክፍለ ሀገር?» አለ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ። ከፊቴ የተሰለፉት ሽማግሌ አልገባቸውም መሰለኝ ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ ቀዳዳ አስጠጉ። «አባባ፣ ሳሉ የት ጀመረዎት ነው የምልዎት፤ እዚህ ነው ወይስ ከዚያው ይዘውት ነው የመጡት?» ሰልፈኛው ሳቀ። ሽማግሌው ግን ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ወስደው ትንሽ አሰቡና «የባሰብኝስ አውቶብስ ላይ ነው ልጄ» አሉ። ይሄኔ ሳቁ ደመቀ። እኔም፣ ያሳፍራል፣ አብሬ ሳቅኩ። የኔ ሳቅ ግን ወዲያው ወደ ሳል ተቀየረብኝና አፌን በክርኔ ከድኜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ከመስኮቱ በላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። «ነዋሪ በነጻ፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ማስያዣ ይከፍላል» ይላል። የማስያዣው ልክ በእስክሪብቶ ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል፤ ሁለቱንም ጊዜ የጨመረ እንጂ የቀነሰ አይደለም። መድኃኒቱ ለማንም በነጻ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው። የሚከፈልበት አልጋው ነው፣ ራጁ ነው፣ የደም ምርመራው ነው፣ መድኃኒቱ ጋ እስኪደረስ ያለው ሁሉ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ክፉ ነው አልልም። ምናልባት ቢሮው ቁጭ ብሎ በካርታ ላይ ከተማዋን በእርሳስ ከበበና የውስጡን የኔ፣ የውጪውን የሌላ አለ። አውቶብስ ተሳፍሮ የሚመጣ ሳል እንዳለ ግን አልታየውም። ሽማግሌው ፌስታላቸውን አንስተው ዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። የሚጠብቁት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ኪሴ ውስጥ ከግል ላቦራቶሪ የተሰጠኝ የአክታ ውጤት አለ፤ ከመታጠፍና ከመዘርጋት ብዛት ሊቀደድ የደረሰ ወረቀት። ውጤቱን የሰጠችኝ ልጅ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ አቀብላኝ «ቲቢ ነው፤ መድኃኒቱ የሚገኘው መንግሥት ሆስፒታል ብቻ ነው፣ ዛሬ ነገ አትበል» ብላኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ዘጠኝ ቀን ሞላኝ። ለጸሐፊው መታወቂያዬን ብቻ በቀዳዳው አሾለክሁለት። ያሰብኩት የሞኝ ሐሳብ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ይረሳ ይሆናል፣ ወይም ሰውዬው ሳያስተውል ያልፈኝ ይሆናል ብዬ። እሱ ግን ቁጥሩን መታ መታ አደረገና ቅንድቡን ሰቀለ።

«አንተ እኮ ተኝተሃል» አለኝ።

«እ?»

«ወንዶች ሳንባ ክፍል፣ አልጋ አሥራ አንድ። ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀንህ ነው። ማን ፈቅዶልህ ነው እዚህ የምትንጎራደደው? ጭምብልህስ የታለ? ለሰው አታስብም?»

ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የጫማቸው ድምፅ ተሰማኝ። ጸሐፊው ጥበቃውን ጠራ። ጥበቃው ረጅም፣ ከንፈሩ ላይ ሁልጊዜ የስንጥር እንጨት የማይጠፋ ሰው ነው። ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋና ሐሳቡን ቀይሮ በዱላው መንገዱን አሳየኝ። ምን ልበል? በኮምፒውተሩ በኩል ካየነው የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። መታወቂያዬን ተቀብዬ፣ ጭምብሌን ከኪሴ አውጥቼ አጥልቄ እንዳጠፋ ተማሪ ከፊት ከፊቱ ሄድኩ። ሳንባ ክፍሉ ደጃፍ ድረስ ሸኘኝና «ሁለተኛ ውጪ እንዳላይህ» ብሎ ተመለሰ። ጀርባውን ሲሰጠኝ ሕንጻውን ዞሬ በኋላ በር ወጣሁ። በዚያ በር ጠዋት ጠዋት የሚገባው የቆሻሻ መኪና ብቻ ስለሆነ ጠባቂ የሚቆምበት ከሰዓት በኋላ ነው።

አልጋ አሥራ አንድ ላይ የተኛው ወንድም ጋሼ ነው፤ በእኔ ስም።

ወንድም ጋሼ ድንጋይ ፈላጭ ነው። አባትና እናታችን ካለፉ ጀምሮ እኔን ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ በኋላም አውቶብስ ላይ አሳፍሮ ወደዚህ የላከኝ እሱ ነው። ትዳር ይዞ አያውቅም፤ «አንተን ጨርሼ» ሲል ዕድሜው አለፈ። የትምህርት ቤት ሸሚዜ አንድ ብቻ ስለነበር አጥቦ ያሰጣልኝና ጠዋት ጣሳ ውስጥ ፍም ጨምሮ በጣሳው ቂጥ ይተኩስልኝ ነበር። ዛሬ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነኝ። ሙያውን የት ተማርክ ሲሉኝ የምጠራው ሌላ አስተማሪ የለኝም።

ከሁለት ወር በፊት በአንድ ኮትና በአንድ ቦርሳ መጣብን። እነሱ ጋ ያለው ጤና ጣቢያ ሕንጻው አለ፣ መድኃኒቱ የለም። ሁለት ሳምንት እኛ ዘንድ ተቀመጠ። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ የኔና የባለቤቴ አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የልጃችን ፍራሽ፣ ከፍራሹ አጠገብ ወንድም ጋሼ። መስኮት አለን፣ ግን የሚከፈተው የጎረቤት ጭስ ላይ ስለሆነ ተዘግቶ ይኖራል። ደም መትፋት ሲጀምር እዚህ አመጣሁት። የጠየቁን ማስያዣ የሰባት ወር ደመወዜ ነበር። በማግስቱ፣ መስኮቱ ላይ ሌላ ጸሐፊ በተቀመጠበት ቀን፣ የኔን መታወቂያ ይዞ ገባ። ፎቶው የዛሬ አሥር ዓመት የተነሳሁት ነው፣ መልካችን ድሮም አንድ ነው፣ ጭምብል ከተጨመረበት ደግሞ ማንም ማንንም ይመስላል።

በየጠዋቱ ሲስተሯ ፊት መድኃኒቱን ውጦ ወረቀት ላይ መፈረም ስላለበት ፊርማዬን አስተማርኩት። በላውንደሪው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ከመግባቱ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ተለማመደ። ያ መዶሻ የለመደ እጅ እስክሪብቶውን አንቆ ነበር የሚይዘው። አሁን ከኔ አሳምሮ ይፈርማል። በመጀመሪያው የጥየቃ ቀን ግን ልንያዝ ነበር። ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማ ስሜን ስትጠራ ሁለታችንም እኩል «አቤት» አልን። ከመነጽሯ በላይ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «በሽተኛው ማን ነው?» አለች። «እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሆናል» አለ ወንድም ጋሼ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ምላሴን ነክሼ እቆማለሁ። ለራጅ ሲጠሩኝ፣ ለሚዛን ሲጠሩኝ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለቆጠራ ሲጠሩኝ አቤት የሚልልኝ እሱ ነው።

ባለቤቴ ክፉ ሴት አይደለችም። አርባ ሦስቱንም ቀን ሾርባውን ሠርታ የላከች፣ ፒጃማውን ያጠበች እሷ ናት። የኔ ውጤት ከመጣ በኋላ ግን የሲኒዬ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰረች፤ ልጅቷን ወደ አልጋው ወሰደች፣ እኔ በሩ አጠገብ ወደ ልጅቷ ፍራሽ ተዛወርኩ፤ እግሬ ከጉልበቱ በታች ሲሚንቶ ላይ ያድራል። ጭስ ይግባ አይግባ መስኮቱን በረገደችው። ስለ ወንድም ጋሼ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ዛሬ ጠዋት ሾርባውን ቴርሞስ ውስጥ እየገለበጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ካልነገርከው እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለችኝ። ክዳኑን አጥብቃ «እሷ እንደሆን እስካሁን አልሳለችም» ብላ ወደ ልጅቷ አየች። «እስካሁን» ያለችው ቃል ቤቱ ውስጥ ቀረች። ልጃችን ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛንቃ አጥልቃ «ልክ ነው አይደል?» እያለች ትጠይቀን ነበር።

ሁሉንም አውጥቼ አውርጄዋለሁ። እውነቱን ለሆስፒታሉ ብናገር ወንድም ጋሼ ዛሬውኑ ከአልጋው ይወርዳል፣ የአርባ ሦስት ቀን ሒሳብ በክፍለ ሀገር ዋጋ ይመጣበታል፣ እኔም በሰው ማንነት ማጭበርበር ተብዬ እከሰሳለሁ። ባልናገር መድኃኒት የለኝም፤ በመዝገባቸው ላይ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ለወንድም ጋሼ ብነግረው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ተነስቶ ይሄዳል። ሲስተሯ ደግሞ በመጀመሪያው የጥየቃ ቀን ቤታችን ውስጥ ማን ማን እንዳለ ጠይቃ ከጻፈች በኋላ ሁለታችንንም ፊቷ አቁማ «ይሄ መድኃኒት የስድስት ወር ነው። አጋምሶ የተወ ሰው ሲመለስ መድኃኒቱም አይሠራለት፣ እኔም አላድነው» ብላናለች። አንድ መታወቂያ ለሁለት ሳንባ አልበቃን አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቴርሞሴን ይዤ በጠያቂ በር ገባሁ። ክፍሉ አሥራ ስድስት አልጋ አለው፤ የብረት አልጋዎች፣ አረንጓዴ ቀለማቸው እየተላጠ ዝገቱ የወጣ፣ በእያንዳንዱ ሥር ክዳን ያለው ጣሳ። መስኮቶቹ በግራም በቀኝም ቀንና ሌሊት ክፍት ናቸው፤ ወረቀት ሁሉ በድንጋይ ተጭኖ ነው የሚቀመጠው። ድንጋዮቹን ከግቢው እየለቀመ ለሁሉም ያደለው ወንድም ጋሼ ነው። አልጋ አሥር ላይ የተኛው ሹፌር የከባድ መኪና ሰው ነው፣ ከሳቅና ከሳል አያርፍም። «መጣልህ!» አለ ሲያየኝ። «እኔ ሰባት ወንድም አለኝ፣ ሰባቱም ስልክ ብቻ ናቸው። እስቲ ይሄን ለአንድ ሳምንት አከራየኝ።»

ሾርባውን ሲጨርስ እነግረዋለሁ አልኩ። ሾርባውን ጨረሰ። እንቁላሉን ሲጨርስ አልኩ። እንቁላሉንም ጨረሰ፣ የዳቦውን ፍርፋሪ ሳይቀር በጣቱ እየጫነ አነሳው። ዛሬ ጠዋት ተመዝኖ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። «ሁለት ኪሎ!» አለኝ፣ ሁለት ጣቱን አውጥቶ። ጉንጩ ትንሽ ሞላ ብሎ፣ ዓይኑ ከገባበት ጉድጓድ ወጣ ብሎ ነበር። ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰው ፊት ያን ወሬ በየት በኩል እንደሚጀምሩት እግዜር ይወቀው። ልናገር አፌን ስከፍት የመጣው ሳሉ ነው። ልይዘው ታገልኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ታገልኩ፣ በመጨረሻ ጭምብሌ ውስጥ ፈነዳ። ሹፌሩ እንኳ ወደ እኔ ዞረ።

ወንድም ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ። እሱ ድንጋይ ከመፍለጡ በፊት በመዶሻው መታ አድርጎ ድምፁን የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ከድምፁ ብቻ ስንጥቁ የት እንዳለ ያውቃል። እኔንም እንደዚያ አዳመጠኝ።

«መቼ ጀመረህ?»

«የላውንደሪው እንፋሎት ነው ወንድም ጋሼ። ጉሮሮ ያደርቃል።»

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት።»

«እሷም እንፋሎቱ ይዟታል?»

«ኧረ አልሳለችም!» አልኩ፣ ቶሎ ብዬ። በጣም ቶሎ ብዬ።

ራሱን ነቀነቀ። ከመስኮቱ ውጪ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ እየጎተተች ነበር፤ የባልዲው ድምፅ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ድረስ ሄደ። ወንድም ጋሼ የቴርሞሱን ክዳን እያጠበቀ «ኮቴስ የት ነው?» አለኝ። ላውንደሪው ውስጥ በላስቲክ ሸፍኜ ሰቅዬልሃለሁ አልኩት። «ተኩሰህ አምጣልኝ። ዛሬውኑ፣ ለማታው ጥየቃ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ሰው ነኛ። ይሄ ፒጃማ አንገሸገሸኝ። ጠያቂ ሲመጣብኝ ልልበሰው።»

«ጠያቂህ እኔ ብቻ ነኝ እኮ።»

«ላንተ ነዋ» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መናገር በሚገባኝ ሰዓት በእጄ የምሠራው ነገር ስለሰጠኝ ደስ አለኝ። ቴርሞሱን ይዤ ስወጣ እግሬ ቀሎኝ ነበር፤ ዛሬ አልነገርኩትም፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

የላውንደሪው ባለቤት እትዬ ከባንኮኒው ኋላ ሆና መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ከሳምንት በፊት «የጤና ወረቀት ሳታመጣ ማሽኑ ጋ እንዳትቆም፣ ደንበኛ ይሸሽብኛል» ብላኛለች፤ አልፈርድባትም። «ወረቀቱስ?» አለችኝ። ነገ አልኳት። «ነገ ነገ ስትል ሌላ ሰው እቀጥራለሁ፣ ከዚያ ተቀየምኩ ብትል አልሰማም።» ኮቱን ብቻ ተኩሼ ልሂድ ስላት ግን ከሰቀላው ላይ ራሷ አውርዳ፣ ቁጥሩን አንብባ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ በሩ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ደግነቷም እንደ ቁጣዋ ሰው እንዲያይባት አትፈልግም።

ያን ኮት እንደዚያ ቀን ተኩሼው አላውቅም፤ የማንንም ልብስ እንደዚያ ተኩሼ አላውቅም። ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ ኮሌታው ውስጥ የገባው የድንጋይ ብናኝ ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌበት በመጀመሪያ ገበሩን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ከዚያ ደረቱን፣ ብረቱን እየጫንኩና እያነሳሁ ሄድኩበት። ቶሎ ቶሎ ይደክመኝ ስለነበር መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የውስጥ ኪሱ ላይ ስደርስ ደረቅ ነገር ነካኝ፤ የራሱ መታወቂያ ነበር፣ የክፍለ ሀገሩ። በእኔ ስም ሲገባ እንዳይገኝበት እዚያ ደብቆት ረስተነው ኖሯል። ፎቶው ላይ ኮሌታውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ካሜራውን ተቆጥቶ ያያል። በሙቀቱ እንዳይጣመም ብዬ አወጣሁት፤ ኪሱን ተኩሼ ስጨርስ መልሼ ከተትኩለት። ምንም አልጠረጠርኩም። ብረቱ ሲነሳለት ኮቱ አዲስ መሰለ፣ እኔም ኮራሁ። እትዬ ዞር ብላ «የማን ሙሽራ ነው?» አለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አደረስኩለት። ወንድም ጋሼ ፊቱን ታጥቦ፣ የሹፌሩን ሱሪ ተውሶ ለብሶ ጠበቀኝ። ኮቱን ደረበና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፤ ከታች ጀምሮ ነው የሚቆልፈው፣ ልጅ ሆኜ እኔንም እንደዚያ ነበር የሚቆልፍልኝ። በደረቱ በኩል ኪሱን ዳሰስ አደረገ። «ጎበዝ» አለኝ። «ከኔ ጣሳ ይሻላል።» ሹፌሩ እንደ ልማዱ አልቀለደም፤ ጣሪያውን ያያል። አላስተዋልኩም እንጂ ይሄ ብቻውን በበቃኝ ነበር። ወንድም ጋሼ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ፤ ሰው ተደግፎ እንደሚቆም ሳይሆን የሚሸከመውን ነገር ክብደት እንደሚለካ። ከዚያ «ብርቱካን አማረኝ» አለ። «ከዋናው በር ሂድና ግዛልኝ። ልጣጩ ቀጭን የሆነውን ምረጥ፣ ሴትዮዋ እንዳታታልልህ። አትቸኩል።»

አልቸኮልኩም። ከበሩ ውጪ ያለችው ባለ ብርቱካን «ሁሉም አንድ ነው፣ ምን ትመርጣለህ» እያለችኝ አንድ በአንድ እየጨመቅኩ ስድስት መረጥኩ። ተመልሼ ስገባ አልጋ አሥራ አንድ ተነጥፏል። ብርድ ልብሱ አራት ማዕዘን ታጥፏል፣ ጠርዝ ከጠርዙ እኩል፣ ፒጃማው ላዩ ላይ፣ በመዳፍ ተጭኖ የተተኮሰ መስሏል። ኮመዲኖው ላይ የመድኃኒቱ ካርቶን፣ በስሜ የተፈረመበት ወረቀት፣ ከበላዩም ድንጋዩ። ሽንት ቤት ሄዶ ነው አልኩ።

«በኋላ በር ነው የወጣ» አለ ሹፌሩ ጣሪያውን እያየ። «የመጨረሻው አውቶብስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱን ይዘህ ሂድ አልኩት፣ ለመንኩት። በወንድሜ ስም የተቆጠረ ነው፣ ቢጎድል እሱን ይጠይቁታል አለኝ። የሦስት ቀን ብቻ አስነሳሁት፣ እሱንም በግድ። ብርቱካኑ ደግሞ ለልጅቷ ነው ብሎሃል።»

ብርቱካኑን ይዤ ሮጥኩ። ሮጥኩ ልበል እንጂ ሕንጻውን ሳልጨርስ ደረቴ እምቢ አለ፤ ግድግዳ ተደግፌ፣ አጎንብሼ፣ ሳሉ እስኪለቀኝ ስጠብቅ ሰዓቱ ሄደ። የኋላው በር ጋ ስደርስ የጠዋቱ ጥበቃ፣ ስንጥሩ አፉ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። «ኮት የለበሰ ሰው አልፏል?» አልኩት። «አልፏል። ጨዋ ሰውዬ፣ ጠያቂ ነው፣ ደህና እደር ብሎኝ ነው የሄደው» አለና ፊቴን ሲለይ ብድግ አለ። «አንተ ደግሞ! ዛሬ እረፍት የለህም እንዴ? ጠዋት ምን ብዬህ ነበር?» በሽተኛው ወንድሜ ነው፣ እኔ ጠያቂ ነኝ፣ ልቀቀኝ አልኩት። አንገቴ ድረስ አልቦኝ ነበር፣ ሸሚዜ የተጨማደደ፣ አገጬ ላይ የወረደ ጭምብል። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ያ ሰውዬ? በዚያ ኮት?» ብሎ ከልቡ ሳቀ፣ ክንዴንም በዚህኛው ጊዜ ሳይፈራ ያዘኝ። እኔው ተኩሼ፣ እኔው ጠያቂ አስመስዬ አወጣሁት። ከበሩ ባሻገር መብራት የበራባቸው የመናኸሪያ ሚኒባሶች ይታያሉ፤ ከአንዱ ውስጥ ይኖር ይሆናል፣ አይኖርም ይሆናል። እየጎተተ መለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ቆጠራ ተጀምሯል። ሲስተሯ መዝገቧን ክንዷ ላይ ዘርግታ ከአንድ ጀምራ ትጠራለች። ቆጠራ ላይ ያልተገኘ ሰው «አቋርጦ የጠፋ» ተብሎ በቀይ ይጻፍበታል፣ ካርዱም ይዘጋል፤ ይሄን እዚያ የተኛ ሁሉ ያውቃል። ጥበቃው በሩ ላይ ትቶኝ ሄደ። አልጋ ሰባት አቤት አለ። ስምንት አቤት አለ። ዘጠኝ ተኝቶ ስለነበር ቀሰቀሱት። ሹፌሩ «አቤት» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ስሜን ጠራች።

ምላሴን ነከስኩ፤ ከልማድ ነው። ከአልጋ አሥራ አንድ በኩል መልስ እንደሚመጣ ሁሉ ጠበቅኩ፣ ሁላችንም ጠበቅን። መስኮቶቹ ክፍት ስለነበሩ የመንገዱ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሲስተሯ የተነጠፈውን አልጋ አየች። የታጠፈውን ፒጃማ አየች። ከዚያ መነጽሯን ሳታወልቅ ከበላዩ እኔን አየች፣ ሳሌን እየሰማች ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ የያዝኩትን ብርቱካን ጭምር። ቀይ እስክሪብቶው ከደረት ኪሷ ወጥቶ ጣቶቿ መሃል ነበር። ስሜን ደግማ ጠራች፣ ዝግ ብላ፣ ለልጅ እንደሚጠራ።

«አቤት» አልኩ።

ቀዩን እስክሪብቶ መልሳ ኪሷ ከተተች። መጥታ ወረቀቱን ከድንጋዩ ሥር አወጣችና አሳየችኝ፤ አርባ ሦስት ፊርማ፣ የመጀመሪያዎቹ የሚንቀጠቀጡ፣ እየቆዩ የጠኑ፣ የዛሬ ጠዋቱ ከሁሉም የሚያምር። ሌላ እንዳይሰማ ጎንበስ አለች። «ወረቀቱ ነገ አርባ አራት ይላል። ለአንተ አንድ ነው፤ ከአንድ ነው የምንጀምረው። ልጅቷን ነገ ጠዋት እናቷ ታምጣት። አሁን ተኛ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የታጠፈውን ብርድ ልብስ መበተን አልቻልኩም።

«ለሱስ?» አልኳት።

መዝገቧን ገለጠች፣ የአልጋ አሥራ ሁለትን ስም ጠራች።